የአኪቫን ሐዘን ለምትጽፈው ልጃችን

ልጄ፣ ስለ «ሽቲሰል» ድራማው ስለ አኪቫ የጻፍሽውን እስከ መጨረሻው ሰምቼዋለሁ። አንቺ በዕብራይስጥ አነበብሽልኝ፣ እኔ በአማርኛ አዳመጥኩት። እናትሽ ወደ እኔ የላከችሽ እንድቆጣሽ ነበር፤ «ፈተናዋ ደርሶ እሷ ለቴሌቪዥን ሰው ታለቅሳለች» ብላኛለች። አልቆጣሽም። እኛ የራማት ቬርበር ሰፈር እናቶች ማታ ማታ ምን ድራማ ላይ አፍጥጠን እንደምናመሽ አውቃለሁና ለመቆጣት አፍ የለኝም። ዝም ብዬም ግን አላሞግስሽም። ልቅሶ ቤት ስገባና ስወጣ ያረጀሁ ሴት ነኝ፤ ስለ ሐዘን የተጻፈ ነገር ሲነበብልኝ እንዲሁ አላልፍም። እንዳንቺ የሚጽፉ ጓደኞች እንዳሉሽ ስለነገርሽኝ፣ ለሁላችሁም እንዲሆን ምክሬን በቁጥር አድርጌዋለሁ።

1. መጀመሪያ፣ አትፈሪ፤ አትደበቂም። ሌላ ሰው የፈጠረውን ገጸ ባሕርይ ወስዶ ታሪኩን መቀጠል የዛሬ ልጆች ያመጣችሁት ነገር አይደለም። ፈረንጆቹ ፋን ፊክሽን ይሉታል። አሜሪካ ውስጥ የ«ስታር ትሬክ» ተመልካቾች እ.ኤ.አ. በ1967 «ስፖካናሊያ» የሚል መጽሔት በራሳቸው አዘጋጅተው፣ ስሜቱን ስለማያሳየው ስለ ስፖክ ይጽፉ ነበር። በእኛ ቋንቋ ደግሞ የዐፄ ቴዎድሮስን ነገር ተመልከቺ። ሚስቱ እቴጌ ተዋበች ያረፈችው በ1850 ዓ.ም. ነው። ዜና መዋዕል በዋናነት የዘመቻና የሹመት መዝገብ ነው፤ ንጉሡ ድንኳኑ ውስጥ ብቻውን ሲቀር ምን ይል እንደነበር ለማወቅ የፈለገ ሰው ልብ ወለድ መጠበቅ ነበረበት። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ብርሃኑ ዘሪሁን በ1958 ዓ.ም. «የቴዎድሮስ እንባ»ን፣ አቤ ጉበኛ በ1961 ዓ.ም. «አንድ ለናቱ»ን አሳተሙ። ቴዎድሮስን እነሱ አልፈጠሩትም። ያው ሰው፣ ያው ታሪክ ነው፤ እነሱ የጨመሩት ውስጡን ነው። እናትሽ እንደገና ከተናገረችሽ ይህን ንገሪያት።

2. ደራሲዎቹ የተዉትን ክፍተት ፈልጊ፤ የሠሩትን አታፍርሺ። በዚህ በኩል ጎበዝ ነሽ። ላላዩት ልንገራቸው፦ «ሽቲሰል»ን ኦሪ ኤሎንና ይሆናታን ኢንዱርስኪ ጻፉት፣ እ.ኤ.አ. በ2013 መታየት ጀመረ። በኢየሩሳሌም የሚኖር የሐሬዲ፣ ማለትም ሃይማኖቱን አጥብቆ የሚይዝ የአይሁድ ቤተሰብ ታሪክ ነው። ልጁ አኪቫ ሥዕል ይስላል፣ አባቱ ሹለም ሚስቱ የሞተችበት መምህር ነው። ሁለተኛው ክፍል ሲያልቅ አኪቫና የአጎቱ ልጅ ሊቢ ተዋደው ነበር። ዓመታት አለፉና እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ሦስተኛው ክፍል ሲጀምር ሊቢ ሞታለች። አኪቫ ግን ያነጋግራታል፤ እኛም ለጥቂት ጊዜ በሕይወት ያለች መስሎን እናያታለን። በእናቱ በድቮራ ስም የተጠራች ሕፃን ትታለታለች። ሠርጉን አላየንም፣ ወሊዱን አላየንም፣ ሞቷን አላየንም። ሦስቱም በክፍሎቹ መካከል ቀርተዋል።

አንቺ የገባሽው እዚያ ነው፤ ጥሩ መግቢያ ነው። ሊቢን ከሞት ያስነሡ ጓደኞች እንዳሉሽ ነግረሽኛል። አልፈርድባቸውም። እኔም የወጋየሁ ንጋቱን የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ትረካ በካሴት ስሰማ፣ ሰብለ ወንጌል መነኩሴ መስላ በዛብህን ፍለጋ ስትሄድ፣ አንድ ቀን ቀድማ ብትደርስስ እያልኩ በሐሳቤ አድርሻታለሁ። ግን ቀድማ ብትደርስ መጽሐፉ ይቀራል። ሞቱን የሻረ ሰው ስለ ሐዘን የሚጽፈው አያገኝም።

አንድ ነገር ላክል። ስለ እኛው ስለ ኢትዮጵያ አይሁድ ቤት የተሠራው፣ ዮሲ ቫሳ የተወነበት «ነብሱ» እያለ፣ ያውም እ.ኤ.አ. በ2018 ዓለም አቀፉን የኤሚ ሽልማት በኮሜዲ ያገኘ፣ ለምን ሐሬዲ ቤት ሄድሽ ብዬ ጠይቄሽ ነበር። «ስስቅ ነብሱን አያለሁ፣ ማልቀስ ስፈልግ ሽቲሰልን» አልሽኝ። መልስሽን ወድጄዋለሁ። የራስን ሐዘን በሰው ቤት ማልቀስ ይቀላል።

3. ይቀላል ስልሽ ግን ደንብ አለው። ልቅሶ ቤት የገባ ሁሉ የራሱንም ሙት ያለቅሳል፤ ይህ የታወቀ ነው። አምና ልጇን የቀበረች ሴት የጎረቤቷ ባል ሲሞት መጥታ ከባለቤቲቱ በላይ ትጮኻለች፣ ማንም አይታዘባትም። ነገር ግን መጀመሪያ የቤቱን ሟች በስሙ ትጠራለች። ደግነቱን ታነሣለች፣ ምን ያህል እንግዳ ተቀባይ እንደነበረ ትናገራለች፣ ከባለቤቲቱ ጋር ተያይዛ ታለቅሳለች። የራሷ ሙት ከዚያ ወዲያ ሳይጠራ ይመጣል። ገና ከደጅ ጀምሮ የራሷን እያነሣች የገባችውን ሴት ግን ጥግ ላይ የተቀመጡት «ይቺ ለማን ነው የመጣችው?» ይሏታል። ከሰው ድራማ ገጸ ባሕርይ ስትወስጂም እንዲሁ ነው።

በጽሑፍሽ መጀመሪያ ሊቢ ሞታለች እንጂ ሊቢ የለችም። ምን ያስቃት ነበር? በምን ትቆጣ ነበር? ሥዕል መሳሉ በሁለቱ መካከል እሾህ እንደነበር ሁለተኛውን ክፍል ያየ ሁሉ ያውቃል። ታዲያ ሥዕሉን በደስታ ያልተቀበለችለትን ሴት፣ ከሞተች በኋላ እሷኑ ደጋግሞ ይስላታል! ቀጥሎ ደግሞ የሸጣቸውን የእሷን ሥዕሎች ለማስመለስ ይንከራተታል። ከዚህ የበለጠ ምን ትፈልጊያለሽ? ድራማው በእጅሽ ሰጥቶሻል፤ አንቺ ግን አልፈሽው ወደ እንባው ሮጥሽ።

4. መርዶውን ማን ነገረ? ይህን ሁልጊዜ ጠይቂ።

በእኛ ደንብ መርዶ በማለዳ ነው የሚነገረው። ዘመድ ከየቤቱ በጨለማ ይነሣል፣ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌዎች ይቀድማሉ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ ይደረስበታል። ለምን በማለዳ? ቀኑን ሙሉ ሰው ከቦት እንዲውል፣ ሲመሽ ደክሞት እንዲተኛ፣ ሌሊቱን ብቻውን ከዜናው ጋር እንዳይጋፈጥ ነው። እዚህ እስራኤል ስንመጣ ይህ ተበላሸ። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ አቁሞ ይነግርሻል፤ እሱ በሥርዓቱ ግልጽ መሆኑ ነው፣ ለእኛ ግን ዱብ ዕዳ ነው። ከዚያ ስልክ መጣ። አውቶቡስ ውስጥ ቆማ የእናቷን መርዶ በስልክ የሰማች ሴት አይቻለሁ፤ ፌርማታው ደርሶ በሩ ተከፍቶ ተዘጋ፣ እሷ ግን አልወረደችም።

አንቺም ሐኪሙ ለአኪቫ በኮሪደር ሲነግረው ጽፈሻል። ኢየሩሳሌም ነውና ሐኪሙ ይንገረው፣ አልከለክልም። እኔ የምጠይቅሽ ቀጥሎ ያለውን ነው። ለሹለም ማን ነገረው? የሊቢ አባት ኑኸም እኮ የሹለም ወንድም ነው። ለኑኸም ልጅህ ሞተች ብሎ በሩን የሚያንኳኳው ማን ነው? አኪቫ ራሱ ይሁን። ገና ለራሱ ያልገባውን ነገር ለአማቱ፣ ያውም ለአጎቱ፣ በምን ቃል ይጀምርለታል? «ደህና አደርክ» ይለዋል? ያችን አንድ ገጽ ከጻፍሽልኝ ስለ አኪቫ ልብ የጻፍሽው ሁሉ ባይኖርም አይጎድልብኝም።

5. የገጸ ባሕርይሽን ቤት ሕግ እወቂ። አኪቫ እንደ ልቡ የሚያዝን ሰው አይደለም፤ ሐዘኑ ቀን የተቆረጠለት ነው። ልብሱን ይቀድዳል፣ ሰባት ቀን ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፣ እስከ ሠላሳ ቀን የሐዘን ደንብ ይጠብቃል። ለአባትና ለእናት ዓመት ሙሉ ይታዘናል፣ ለሚስት ግን ሕጉ ከሠላሳ ቀን አያልፍም። ሚስቱ የሞተችበት ሰው እንደገና ለማግባት ፋሲካ፣ ሻቩኦትና ሱኮት፣ ሦስቱ በዓላት እስኪያልፉ ይጠብቃል፤ የምታሳድግለት የሚሹ ሕፃናት ያሉት ግን ቀደም ብሎ ይፈቀድለታል። አኪቫ ሕፃን አለችው! ስለዚህ ሰፈሩ ሁሉ «አግባ» ሊለው ሕግ ከጎኑ ነው፣ የማይፈቅደው የራሱ ልብ ብቻ ነው። አንቺ በጽሑፍሽ በሁለተኛው ወር «እስከ መቼ ታዝናለህ» የሚለውን ጎረቤት ክፉ ሰው አድርገሽዋል። ክፉ አይደለም። ደንቡን ነው የተናገረው።

የእኛም አባቶች ሕግ ነበራቸው። ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ከሰው ተለይቶ ይቀመጥ ነበር፤ ተዝካሩም ቀን ነበረው። ይህን ቄሶቹን ጠይቂ፣ እነሱ ከእኔ ይልቅ አሟልተው ይነግሩሻል።

6. «ልቡ ተሰበረ» አትበዪኝ። ሙሾ አውራጅ ሴት «አዝኛለሁ» ብላ አታውቅም። ስለ ሟቹ በቅሎ ትናገራለች፣ ስለ አጥሩ፣ ስለ ማጭዱ፣ በጾም ቀን ለእንግዳ ስለሚያዘው ነገር። ሰሚው ነው የሚያዝነው። አንቺም ይህን በአንድ ቦታ አድርገሽዋል፣ ምናልባት ሳታውቂው። አኪቫ የሰፈሩ ሱቅ፣ ማኮሌት ገብቶ ኤሽል የሚባለውን እርጎ ይገዛል። በቤቱ ኤሽል የምትበላ ሊቢ ብቻ ነበረች። ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ቀኑ ያልፍበታል፣ ይጥለዋል፣ ተመልሶ ሄዶ ይገዛል። ባለሱቁ አንድ ቀን «ይህን ማንም አይወስደውም፣ ለአንተ ብዬ ነው የማመጣው» ይለዋል። እዚህ ላይ ስትደርሺ አላስቆምኩሽም፣ ግን ከዚያ በኋላ ያነበብሽውን ለጊዜው አልሰማሁትም። ከዚህ ቀጥሎ አኪቫ ስንት ገጽ ሙሉ ያለቀሰው ለምንድን ነው? ኤሽሉ በቂ ነበር። ልቅሶውን አውጪው።

7. ሹለምን አትርሺ። በዚያ ቤት ሚስቶቻቸው የሞቱባቸው ሁለት ወንዶች አሉ። ሹለም ያዝናል፣ ይበላል፣ ያጨሳል፣ ሴቶች ይዘውለት ለሚመጡት ምግብ አይጨክንም። ያስቃል። ለአኪቫ ግን አባቱን እያየ ማዘን ምን ይመስለዋል? አንድ ምሳ ላይ አገናኚያቸው፤ ሁለቱም ዝም ይበሉ፣ ሹለም ብቻ ይብላ።

8. አሁን ወደ ቀብሩ ልምጣ። ይህን ቀስ ብለሽ አንብቢው።

የሊቢን ቀብር በሌሊት አድርገሽዋል። ትክክል ነው፤ ኢየሩሳሌም ሙት አያሳድሩም፣ በሌሊት መቅበር ልማዳቸው ነው። ነገር ግን በአንቺ ቀብር ላይ ማንም ድምፅ አያሰማም። ጥቂት ሰዎች አሉ፣ አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ትቆማለች፣ አፈሩ ተመልሶ ምልክት ሳይደረግበት ሰዎቹ አንድ በአንድ ይበተናሉ። ልጄ፣ በኢየሩሳሌም እንዲህ ያለ ቀብር የለም። እዚያ ሕዝብ ይጎርፋል፣ ረቢዎች ተነሥተው ስለ ሟች ይናገራሉ፣ ለሟች የሚባለው የካዲሽ ጸሎት ይደረሳል። ለመሆኑ ነጠላ የለበሰችው ሴት ማን ናት?

አውቄያታለሁ። ያ ቀብር የሊቢ አይደለም፣ የኡም ራኩባ ነው። በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ለመምጣት በምንጠብቅባቸው፣ እንደ ኡም ራኩባ ባሉ የሱዳን መጠለያዎች ሰው በየቀኑ ይሞት ነበር፤ በሽታ ነበር፣ ረሃብ ነበር፣ ሕፃናቱ ይቀድሙ ነበር። በመንገድና በመጠለያ የሞቱት ወደ 4,000 እንደሚጠጉ ይነገራል። አይሁድነታችን እንዳይታወቅ እንደ ደንባችን አልቀበርንም፣ እንደ ደንባችን አላለቀስንም። የጮኸ ሰው ሌላውን ያስይዛል። አያትሽ እዚያ ማንን እንደቀበረች እኔ አውቃለሁ፤ አንቺም ሙሉውን ሳትሰሚ የሆነ ቁራጭ ሰምተሻል ማለት ነው፣ ያለዚያ ነጠላውን ከየት ታመጪዋለሽ? ለእነዚያ ሙታን በሄርጽል ተራራ እ.ኤ.አ. በ2007 መታሰቢያ ቆሞላቸዋል፤ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን ባለሥልጣናት ሳይቀሩ የሚገኙበት ሥነ ሥርዓት ይደረጋል። ጥሩ ነው፣ እሄዳለሁም። ዳሩ ግን ሥነ ሥርዓት በሰዓቱ ይጀምራል፣ በሰዓቱ ያልቃል፤ ያን ጊዜ ሳይለቀስ የቀረው ልቅሶ በየቤቱ ነው ያለው፣ አንዳንዱም እንደምታዪው በልጅ ልጆች ደብተር ውስጥ ገብቷል።

ታዲያ ገጹን ቅደጂው አልልሽም። ሦስተኛውን ምክሬን አስታውሺ፦ የራስሽ ሙት መጥቷል፣ መምጣቱ አይከፋም፣ የሊቢን ቦታ ግን አይውሰድ። ዝምታው ለአኪቫ በራሱ ምክንያት እንዲደርሰው አድርጊ። ሕዝቡ ይጉረፍ፣ ረቢዎቹ ይናገሩ፣ ድምፅ ይብዛ። አኪቫ ብቻ ከአፉ ምንም አይውጣለት፤ ካዲሹ ሲደርስ ኑኸም ይበለው። ነጠላዋን የጎሰጎሰችው ሴት ትውጣ። እሷ የራሷ ታሪክ ያስፈልጋታል፣ በሐሬዲ ቀብር ላይ ተደብቃ መቆም አይገባትም። አንድ ቀን ትጽፊላታለሽ። አያትሽን ግን ለዚያ ብለሽ አትመርምሪያት። የአኪቫን ታሪክ በአማርኛ እያወራሽላት ኤሽሉ ያለበት ቦታ ላይ ስትደርሺ ዝም በዪ። ከተናገረች ስሚ፣ ካልተናገረች ቡና አፍይላት።

9. የመጨረሻው ስለ ፍቅር ነው፤ እዚህ ላይ አንስማማም።

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሲከፈት «ጥቁር ፍቅር» የሚባል የቱርክ ድራማ በአማርኛ እያሰማ አሳየን። እናንተ ወጣቶቹ ሳቃችሁብን፣ እኛ ግን በሳተላይት ተከታትለነዋል፤ በእሱ የተነሣ ለሳምንት የተኳረፉ ጎረቤታሞች አውቃለሁ። ኦመር ፖሊስ ነው። ሊያገባት ያጫት ሲቤል ከአንድ ሀብታም ሽማግሌ ጋር መኪና ውስጥ ተገድላ ትገኛለች። ሽማግሌው የኤሊፍ አባት ነው። አየሽ፣ ኦመር እንባው ከጥርጣሬ ጋር ነው የሚወርደው፦ ምን ልትሠራ እዚያ ተገኘች? ለሟቿ ሲሟገት ይውላል፣ ማታ ደግሞ ይጠረጥራታል። ኤሊፍም ስለ አባቷ እንዲሁ ናት። ሁለቱ የተዋደዱት ሐዘናቸው አልቆ አይደለም፤ አንድ ጥያቄ ይዘው አንድ ሬሳ ሲከተሉ ተገናኝተው ነው።

የአንቺ አኪቫ ግን ሊቢን አንዴም አይቆጣትም። ለምን? በእኛ ልቅሶ ላይ ሚስት ባሏን «ለማን ጥለኸኝ ሄድክ» ብላ ትሞግተዋለች፣ ማንም ነውር አይላትም። ሕፃን ጥላበት የሄደችን ሴት አኪቫ አንድ ሌሊት ይቆጣት፣ ልጅቷ አልተኛ ብላው እያለቀሰች ሳለ ይሁን፤ በማግስቱም ይፈር።

መጨረሻ ላይ ደግሞ የሊቢ መንፈስ መጥታ፣ በሦስተኛው ክፍል የምትመጣውን ራሔሊን እንዲያገባ ፈቅዳለት፣ ፈገግ ብላ ትጠፋለች። ይህን አልቀበልም። ይህ ለአኪቫ ሳይሆን ለአንቺ የሚመች ነው፤ ታሪኩን መዝጋት ፈልገሽ ሙቷን አስፈረምሻት። ድራማው ራሱ እንዲህ አላደረገም። የመጨረሻውን ትዕይንት አስቢው፦ ሹለም፣ ኑኸምና አኪቫ ማዕድ ላይ ተቀምጠው ያወራሉ፣ ሙታኑም አብረዋቸው በቤቱ ይሞላሉ። ማንም ማንንም አላሰናበተም። አኪቫ ራሔሊን ይውደድ፣ ያግባትም ከፈለግሽ፣ ሊቢ ግን ፈቃድም አትስጥ፣ አትከልክልም፣ ከቤቱም አትውጣ። ራሔሊስ በዚያ ቤት እንዴት ትኖራለች ትይኝ ይሆናል። እሱ ነዋ ታሪኩ! ራሔሊ ፍሪጁን ከፍታ ኤሽሉን ስታገኘው ምን ታደርገዋለች? ትጥለዋለች፣ ትበላዋለች፣ ወይስ መልሳ ትዘጋዋለች? እኔ የምትበላው ይመስለኛል፣ ያውም አኪቫ ፊት። አንቺ እንደማትስማሚ አውቃለሁ፤ ሁለቱንም አድርገሽ ጻፊና ሰንበት ካለፈ በኋላ ይዘሽ ነይ፣ እንከራከርበታለን።